የወታደር መዝገብ ስሕተትና እርማቱ

ቃኘው ሻለቃ ለኮርያ ጦርነት የተነሣው በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ነበር። ጦሩ ከአዲስ አበባ በባቡር ድሬዳዋን አልፎ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ፑሳን ተጓዘ። ቃኘው የሚለው ስያሜ የሐረርጌ ገዥ የነበሩት የልዑል ራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም ስለ ሆነ፥ የድሬዳዋ አካባቢ ከዚህ ዘመቻ ጋር ያለው ግንኙነት መተላለፊያ ከመሆን ያለፈ ነው። ስለ ውጊያው ብዙ ተጽፎአል። ይህ አጭር ጥናት ግን የሚመለከተው የዘማቹን መዝገብ ነው፤ በመዝገብ ላይ ስሕተት ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይታረማል?

የመጀመሪያው የስሕተት ምንጭ ስም ነው። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም እንጂ በቤተ ሰብ ስም አይደለም። የውጭ አገር ጸሓፊ ግን የኋለኛውን ስም የቤተ ሰብ ስም ያደርገዋል፤ ስለዚህ ልጁ በአባቱ ስም ይመዘገባል። «ገብረ» ወይም «ወልደ» ብሎ የሚጀምር ስም ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ የሌላ ሰው ስም ይመስላል። አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ ገበያ በሚነገሩበት በድሬዳዋ ችግሩ ይበረታል። ዩሱፍ የተባለው ሰው በአንድ ወረቀት ዮሱፍ፥ በሌላው ዮሴፍ ተብሎ ቢገኝ አያስደንቅም።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። በ1920 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዓመቱ ሳይለወጥ በአውሮፓ መዝገብ ቢገባ፥ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል። ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. በቍጥር ብቻ 8/8/1943 ተብሎ ቢጻፍ፥ ፈረንጅ ኦገስት 1943 ብሎ ያነበዋል፤ ያን ጊዜ ግን የኮርያ ጦርነት ገና አልተነሣም።

ሦስተኛው ማስረጃ መታጣቱ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ሞት መዝገብ፥ ስለ እርማቱም ጭምር ቢደነግግም፥ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለብዙው ወታደር የመጀመሪያው የዕድሜ ማስረጃ ሲቀጠር ለጸሓፊው በቃሉ የተናገረው ነበር። በኋላ የወጣው የጡረታ ሕግ፥ ለምሳሌ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 714፥ ዕድሜ የሚቈጠረው በመጀመሪያ በተመዘገበው መሠረት ነው ይል ነበር። ደንቡ ዕድሜውን በየጊዜው የሚቀንሰውን ሰው ለመከልከል ይጠቅማል፤ ነገር ግን የጸሓፊውንም ስሕተት እውነት አድርጎ ያጸናዋል። ጕዳቱም በጡረተኛው ብቻ ሳይቀር ለሚስቱና ለልጆቹ ይተርፋል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 በወጣ ሕግ መሠረት የወታደር መዝገብ የሚያርሙ ቦርዶች ተቋቋሙ። አመልካቹ ስሕተቱን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ሆኖም ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆን ቦርዱ የጊዜውን ገደብ ሊያልፈው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ በተነሣ እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደር መዝገቦች ጠፉ። ያን ጊዜ የደመወዝ ወረቀትና ሌላም ሰነድ እየተሰበሰበ የጠፋው በከፊል እንዲተካ ተደረገ። ከዚህ የምንማረው አንድ መዝገብ ቢጠፋ ወይም ቢሳሳት ሌላው ሊመሰክርለት እንደሚችል ነው።

ለእኛም የደመወዝ ዝርዝር፥ የሜዳይ ወረቀት፥ ከግንባር የተላከ ደብዳቤ፥ ከጀርባው ስም የተጻፈበት ፎቶግራፍ፥ አብሮ የዘመተ ጓድ ቃልም ምስክር ሊሆኑ ይገባል። እርማቱ ግን የፊተኛውን ጽሕፈት በመፋቅ መሆን የለበትም። አሮጌው እንዳለ ሆኖ፥ አዲሱ ከምክንያቱና ከቀኑ ጋር በአጠገቡ ቢጻፍ ለባለ ጕዳዩም ለታሪክ ጸሓፊውም ይበጃል።

በኮርያ የወደቁትን ኢትዮጵያውያን 121 የሚሉ ጽሑፎች አሉ፤ 122 የሚሉም አሉ። ልዩነቱ በቍጥር አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን ያ አንድ ስም፥ አባትና እናት ያለው ሰው ነው፤ ስለዚህ መዝገብን ማረም የጸሓፊ ሥራ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ሥራ ነው።