በአጥንት መቅኔ የተደበቀ ሊምፎማን መለየት

በአጥንት መቅኔ የተደበቀ ሊምፎማን መለየት የንፍፊት ካንሰር ወደ መቅኔ መዛመቱን በናሙና የሚያጣራ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የአን አርበር አመዳደብ መቅኔ የተጠቃበትን ሕመም ደረጃ 4 ይለዋል።

ናሙናው በማደንዘዣ ከዳሌ አጥንት የኋላ ጠርዝ በመርፌ ይወሰዳል፤ አንዱ የሚመጠጥ ፈሳሽ፣ ሌላው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ሊኖረው የሚገባ የአጥንት ቁራጭ ነው። ቁራጩን መተው አደገኛ ነው፤ ፎሊኩላር ሊምፎማ ከአጥንቱ ተጠግቶ ስለሚያድግ ከፈሳሹ ጋር ላይወጣ ይችላል። ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ከጤነኛ ሊምፎሳይቶች በቀላሉ አይለዩም። ሲዲ20ን በመሳሰሉ ፕሮቲኖች ላይ በሚጣበቁ ፀረ እንግዳ አካላት ቀለም ሲሰጣቸው ግን ጎልተው ይታያሉ። ፍሎ ሳይቶሜትሪ የተባለው የሕዋስ መለያ ዘዴ ከ10,000 ሕዋሳት አንዱን፣ ፒሲአር የተባለው የዘረመል ምርመራ ከ100,000 አንዱን እስከ መለየት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሉጋኖ ምደባ ፔት ሲቲ የተባለውን የአካል ምስል ለተነሣ የሆጅኪን ሊምፎማ ታማሚ የመቅኔ ናሙናን አስፈላጊ አያደርግም።

ኢትዮጵያ የንፍፊት ቲቢ የሚበዛባት አገር ናት። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ የአንገት እብጠት፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው በቅድሚያ በቲቢ ይጠረጠራል፤ ሊምፎማም ተመሳሳይ ምልክቶች አሉት። በቲቢ መድኃኒት ያልቀነሰ እብጠት የንፍፊት ናሙና ያሻዋል፤ ሊምፎማ ከተገኘም የመቅኔ ምርመራ ሊከተል ይችላል። ለደም ካንሰር ሕክምና ዋናው የሪፈራል ተቋም ከአምቦ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

ሊምፎማ መቅኔን በየቦታው እኩል ስለማይወር ከአንድ ስፍራ የተወሰደ ንጹሕ ናሙና ሕመሙ መቅኔ ውስጥ አለመኖሩን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም።