ደፋርና ጭስ፣ ባሕር ላይ

«ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» እንላለን። ባሕር ላይ ግን ተረቱ ሁልጊዜ አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1966 ሁለት እንግሊዛውያን፣ ዴቪድ ጆንስተንና ጆን ሆር፣ አትላንቲክን በመቅዘፊያ ሊሻገሩ ወጡ። ጀልባቸው ተገልብጣ ተገኘች፤ እነሱ ግን አልተገኙም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ፌርፋክስ ያንኑ ውቅያኖስ ብቻውን ሊቀዝፍ ተነሳ። ጀልባውን «ብሪታኒያ»ን የነደፈለት ኡፋ ፎክስ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፕላን የሚጣል የነፍስ አድን ጀልባ የነደፈው ሰው። «ብሪታኒያ» ብትገለበጥ ራሷ እንድትቃና፣ የገባባትን ውኃም ራሷ እንድታፈስ ተደርጋ ተሠራች። ፌርፋክስ ደግሞ ለንደን መሃል፣ ሃይድ ፓርክ ሐይቅ ላይ ቀዘፋ ይለማመድ ነበር። ስንቁ አጃ፣ የቆርቆሮ ሥጋና ብራንዲ ነው። መንገድ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፤ መርከብ ሲያገኝም ምግብና ውኃ ይጠይቃል።

ጃንዋሪ 20 ቀን 1969 ከግራን ካናሪያ ተነስቶ በ180 ቀን፣ ጁላይ 19፣ ፍሎሪዳ ደረሰ። በማግስቱ ሰው ጨረቃን ረገጠ። የአፖሎ 11 ጠፈርተኞችም «እንኳን ደስ አለህ» ብለው ጻፉለት።

ድፍረትማ ጆንስተንና ሆርም ነበራቸው። ራሷን የምታቃና ጀልባ ግን በወኔ አትሠራም፤ ማዕበሉ ሳይመጣ፣ ገና መሬት ላይ ሳለን ነው የምትሠራው።