የእግር መንገድ ባለቤቱ ማን ነው?

በእንግሊዝ ገጠር የሚዘዋወር መንገደኛ አንድ ነገር ያስገርመዋል። በድንጋይ ካብ በታጠረ የግል መስክ መካከል፣ በጎችና ላሞች ከተሰማሩበት ሣር ላይ ቀጭን የእግር መንገድ ይታያል። መንገዱ ከካቡ ሲደርስ መወጣጫ ደረጃ ወይም ትንሽ በር ያገኛል፤ በዚያ ተሻግሮም ጉዞውን ይቀጥላል። መሬቱ የባለርስቱ ነው፤ በመንገዱ የመተላለፍ መብት ግን የማንኛውም ሰው ነው። ባለርስቱ መስኩን ሊያርስ፣ ሊሸጥ ወይም ሊያወርስ ይችላል፤ መንገዱን ግን በገዛ ፈቃዱ ሊዘጋው አይችልም። በእንግሊዝ ብቻ እንዲህ ያሉት የሕዝብ መተላለፊያዎች በጠቅላላው 190,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ።

ይህ መብት ከጥንት የወረደ ቢሆንም ሳይደፈር የኖረ አይደለም። መንገድን መዝጋት የሚችለው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ቆይቷል። በሰሜናዊው የደርቢሸር አውራጃ የሚገኙ ሦስት መንደሮች፣ ኢም፣ ሄይፊልድና ኢዴይል፣ ለጥያቄው ሦስት የተለያዩ መልሶችን አቆይተዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1665 በሴፕቴምበር ወር ከለንደን የተላከ አንድ ጥቅል ጨርቅ ኢም ከሚኖር ልብስ ሰፊ ቤት ደረሰ። በዚያን ጊዜ ለንደን በቸነፈር ትታመስ ነበር። በሽታው ከጨርቁ ጋር በመጡ ቁንጫዎች አማካይነት ወደ መንደሩ እንደ ገባ ይታመናል። ጨርቁን የፈታው ጆርጅ ቪካርስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ፤ ጎረቤቶቹም ተከተሉት። በክረምቱ ጋብ ያለው ወረርሽኝ በቀጣዩ ዓመት በጋ ሲያገረሽ፣ የአጥቢያው ቄስ ዊልያም ሞምፔሰን ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት ከቶማስ ስታንሊ ጋር መክረው ለምእመናኑ አንድ ከባድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ማንም ከመንደሩ እንዳይወጣ፣ ማንም ወደ መንደሩ እንዳይገባ። ሕዝቡ ተስማማ።

መንደሩ መንገዶቹን በገዛ እጁ ዘጋ። ወደ ጎረቤት መንደር ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው መንገድ ላይ ድንበር የሚያመለክት ድንጋይ ነበረ። በድንጋዩ ላይ በተፈለፈሉት ጉድጓዶች ውስጥ የኢም ሰዎች በኮምጣጤ የተነከረ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ የውጭ ሰዎችም እህልና መድኃኒት ትተው ገንዘቡን ወስደው ይመለሳሉ። በአቅራቢያው በቻትስዎርዝ ይኖሩ የነበሩት የዴቮንሸር አርልም ለመንደሩ ስንቅ ይልኩ ነበር። ወረርሽኙ በቆየባቸው 14 ወራት 260 ያህል ሰዎች አለቁ። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የተባለች እናት በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ቀበረች። የሞምፔሰን ባለቤት ካትሪንም ከሟቾቹ አንዷ ነበሩ። ዛሬ ከኢም ወደ ስቶኒ ሚድልተን በእግሩ የሚወርድ ሰው በዚያ ድንጋይ አጠገብ ያልፋል። በኢም መንገዱን የዘጉት የሚመላለሱበት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ የዘጉትም የሌላውን ሕይወት ለማዳን ነው።

በሄይፊልድ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ የአጥር ዐዋጆችን አወጣ። በእነዚህ ዐዋጆች ከአገሪቱ ስፋት አንድ አምስተኛ የሚሆነው መሬት ታጥሮ በግል ይዞታ ሥር ገባ፤ አብዛኛውም ገበሬው ከብቱን ያሰማራበትና ማገዶ ይለቅምበት የነበረ ነው። ከአጥሩ ጋር ብዙ የእግር መንገዶች ጠፉ። በ1815 የወጣው ሕግ ደግሞ ሁለት ዳኞች «አያስፈልግም» ያሉትን መንገድ እንዲዘጉ ሥልጣን ሰጣቸው። ዳኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ባለርስቶች ስለ ነበሩ፣ አንዱ ለሌላው መፈረሙ አላስቸገረም። ይህን የተቃወሙ የማንችስተር ሰዎች በ1826 የጥንት የእግር መንገዶች ማስጠበቂያ ማኅበር አቋቋሙ፤ የሄይፊልድ አካባቢ ሰዎችም በ1876 ተከተሏቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ ከሄይፊልድ በኪንደር ስካውት ተራራ ሥር የሚያልፈው አንድ መንገድ በ1897 ለሕዝብ ተከፈተ።

የተራራው አናት ግን እንደ ተከለከለ ቀረ። ኪንደር ስካውት 636 ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ አምባ ነው። ባለርስቶቹ፣ ከእነርሱም መካከል የዴቮንሸር መስፍን፣ አምባውን ቆቅ መሰል ወፍ የሚያድኑበት አድርገው በጠባቂ ያስጠብቁት ነበር። በምሥራቅ ሼፊልድ፣ በምዕራብ ማንችስተር አሉ፤ በሁለቱም ከተሞች ሳምንቱን በፋብሪካ ጢስ ውስጥ የሚያሳልፈው ሠራተኛ እሑድን በንጹሕ አየር ለማሳለፍ ወደ ተራሮቹ ሲመጣ ከአጥርና ከዱላ ጋር ይጋፈጣል። ኤፕሪል 24 ቀን 1932፣ ዕለቱም እሑድ ነበር፣ 400 ያህል ሰዎች በሄይፊልድ አጠገብ በሚገኝ አሮጌ የድንጋይ ካባ ተሰብስበው ቤኒ ሮትማን የተባለውን የ20 ዓመት ወጣት ካዳመጡ በኋላ ተራራውን ወጡ። ከጠባቂዎቹ ጋር ግብግብ ተፈጠረ። ሲመለሱ ስድስት ወጣቶች ተያዙ፤ አምስቱም ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚደርስ እስራት ተፈረደባቸው። ሮትማን አራት ወር ተቀበለ።

በጊዜው የተራማጆች ማኅበራት መሪዎች ራሳቸው ድርጊቱን ነቅፈውት ነበር፤ ከባለርስቶች ጋር በትዕግሥት የጀመሩትን ድርድር ያበላሽብናል ብለው ሠጉ። ፍርዱ ግን የነቀፉትን ጭምር አስቆጣ፤ በሳምንታት ውስጥም በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በአካባቢው ለተቃውሞ ወጡ። ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ2002 መታሰቢያው ሲከበር፣ የጊዜው የዴቮንሸር መስፍን አያታቸው የፈጸሙት ስሕተት እንደ ነበር ተናግረው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። ለኢም ስንቅ ይልክ የነበረው ቤትና የኪንደርን መንገድ የዘጋው ቤት አንድ ነው።

ሦስተኛው መንደር ኢዴይል ከኪንደር በስተደቡብ ባለው ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። እስከ 1630ዎቹ ድረስ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረው ነዋሪዎቹ ሬሳ የሚቀብሩት ሆሊንስ ክሮስ የተባለውን ኮረብታ አቋርጠው በካስልተን ነበር። በኋላም በሸለቆው ውስጥ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ሲተከል፣ የካስልተን ሠራተኞች በዚያው መንገድ ወደ ሥራ ተመላለሱበት። የዛሬው ጎብኚ መልክአ ምድሩን እያደነቀ የሚወጣው ያንኑ የሬሳና የሠራተኛ መንገድ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ሕጉም ቀስ ብሎ ደረሰ። የ1949ኙ ሕግ ብሔራዊ ፓርኮችን ከማቋቋሙም በላይ እያንዳንዱ አውራጃ የሕዝብ መንገዶቹን በካርታ እንዲመዘግብ አዘዘ። በ1951 ይህ አካባቢ የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ጋዜጠኛው ቶም ስቲቨንሰን በ1935 ያሰበው፣ ከኢዴይል ተነሥቶ እስከ ስኮትላንድ የሚዘልቀው 431 ኪሎ ሜትር መንገድም በ1965 ተመረቀ። ቀኑ ኤፕሪል 24 ነበር። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በተራሮችና በጠፍ ሜዳዎች ላይ ከመንገድ ወጥቶም በነፃ የመዘዋወርን መብት ሰጠ።

ይሁን እንጂ ያው የ2000 ሕግ አንድ አደጋ ይዞ መጣ። ከ1949 በፊት የነበሩ መንገዶች እስከ 2026 መባቻ በካርታው ካልተመዘገቡ መብቱ እንዲቋረጥ ደነገገ። ቀድሞ መንገድን በሕይወት ያቆየው የሰው እግር ነበር፤ አሁን ግን ወረቀት የሌለው መንገድ ቢመላለሱበትም ሊሞት ሆነ። የተራማጆች ማኅበር አባላት የድሮ ካርታዎችን ከአዲሶቹ ጋር አስተያይተው፣ በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 79,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሳይመዘገብ እንደ ቀረ በ2020 አስታወቁ። ቀነ ገደቡ ወደ 2031 ተገፋ፤ በ2024 መጨረሻም መንግሥት ጨርሶ ሊሽረው ማሰቡን ገለጸ።

የሦስቱ መንደሮች ታሪክ አንድ ነገር ያስገነዝባል። መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ የኢም ሰዎችም ዘግተውታል። ልዩነቱ የሚዘጋው ማን እንደ ሆነና ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ላይ ነው። በኢም የዘጉት ሰዎች ዋጋውን ራሳቸው ከፈሉ፤ በኪንደር ግን አንዱ ዘጋ፣ ሌላው ታሰረ። ዛሬ በእነዚህ መስኮች የሚያልፍ መንገደኛ ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ መወጣጫ ላይ እግሩን ሲያነሣ፣ ከእርሱ በፊት ሬሳ ተሸክመው፣ ጥጥ ሊፈትሉ፣ እስራትንም ሳይፈሩ በዚያ ያለፉ ሰዎች ያቆዩለትን መብት እየተጠቀመ ነው። ለሚቀጥለው መንገደኛም የሚያቆየው በማለፉ ነው።