ጠገራ ብርና የደረጃ ጥያቄ



በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በረራ እየጠበቅሁ ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯቸውን ሦስት ጠገራ ብሮች ፈትተው አሳዩኝ። ባሕር ማዶ ያለው ልጃቸው «ይዘሽልኝ ነይ፤ በባለሙያ ደረጃ ይሰጣቸውና ዋጋቸው ይጨምራል» ብሏቸዋል። እውነት እንደሆነ ጠየቁኝ። ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም፤ የዛሬው ንግግሬ ዕዳዬን መክፈያ ነው።

በሦስቱም ላይ የተቀረጸው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ማርያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት እንጂ ብሩ የተመታበት ዓመት ላይሆን ይችላል። ከሞቷ በኋላም ቪየና ያንኑ ዓመት እየቀረጸች መምታቷን ቀጠለች፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይ ተከተሉ። ጠቅላላ ብዛቱ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ስለዚህ «ጥንታዊ ነው» ማለት ብቻውን ዋጋ አያመጣም።

ደረጃ መስጠት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአፋር የጨው ሜዳ የመጣው አሞሌ በመቀሌ በኩል ወደ ደጋው ሲያልፍ፣ ነጋዴው ጠገራውን ሳይመረምር አይቀበልም ነበር። የዘውዷን የዕንቁ ነጥቦች፣ የትከሻዋን ጌጥ፣ ከምስሏ ግርጌ ያሉትን «ኤስ. ኤፍ.» ፊደላት ያያል፤ የፈዘዘውን ይመልሳል። በ1887 ዓ.ም. የወጣው የዳግማዊ ምኒልክ ብር እንኳ፣ ክብደቱ ከጠገራው የሚስተካከል ሆኖ ሳለ፣ ይህን ልማድ በቀላሉ አላሸነፈም። ራስ አሉላ በሕይወት በነበሩበት ዘመን የገበያው ዳኛ ዓይንና ጣት ነበር።

የዛሬዎቹ ዳኞች በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረቱ ሁለት ታዋቂ ኩባንያዎች ናቸው። ከ1 እስከ 70 ነጥብ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጉታል። ለተለመደ ጠገራ የምርመራው፣ የመላኪያውና የመድኅኑ ወጪ ተደምሮ፣ ብዙውን ጊዜ ነጥቡ ከሚጨምረው ዋጋ ይበልጣል። በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው፤ ይህ ያለ ማንም ምስክርነት የሚመዘን ዋጋ ነው። ወጪው የሚያዋጣው ጥርት ብሎ ለቀረ፣ ወይም ዓይነቱ ብርቅ ለሆነ ብቻ ነው። በሎሚና በአመድ የታሸውን፣ ለማንጠልጠያ የተበሳውን ግን ኩባንያዎቹ «የተጎዳ» ይሉታል።

እዚህ ላይ ከእነርሱ እለያለሁ። ለታሪክ ተመራማሪ ያ ቀዳዳ ጉዳት አይደለም፤ ብሩ ከገበያ ወጥቶ ወደ ሙሽራ አንገት የገባበት ሰነድ ነው። ለዚህ የሚሰጥ ነጥብ የለም።

ሌላም ጉዳይ አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። ብሩን በሻንጣ ከመክተት በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል።

እኚያን እናት ዳግም ባገኛቸው፣ ብሮቹን እንዳያሹ፣ መዝነውና ፎቶ አንስተው የማን ጥሎሽ እንደነበሩ በወረቀት እንዲያስጽፉ እነግራቸዋለሁ። ከሦስቱ ያልተበሳው አንዱ ብቻ ነበር።