«ወደ ሽመናህ ተመለስ»፦ ስለ ስድብ፣ ስለ እርማትና ስለ አዲስ ድምጻውያን

ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ከዋናው መንገድ ዳር የሐበሻ ልብስ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ከኋላቸው ባሉት ጠባብ መንደሮች ግን ከማለዳ ጀምሮ የሽመና ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል። ከጎረቤቶቼ አንዱ ሸማኔ ነው። ልጁ ቀን ቀን አባቱን ያግዛል፤ ማታ ማታ ክራር ይጫወታል። ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም።

ኅዳር ላይ በአንድ የሰፈር ሠርግ መድረክ ተሰጠው። ለዓመታት ሲጠብቃት የኖረ ቀን ነበረች። አንድ ታዳሚ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ቪዲዮው በሦስት ቀን ውስጥ ከስልክ ስልክ ዞረ። የዞረው ግን ለመሳቂያ ነበር። ከሥሩ ከተጻፉት አስተያየቶች ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ሦስት ቃል ብቻ ነበር፦ «ወደ ሽመናህ ተመለስ»። የጻፈው ቤተሰቡን የሚያውቅ የሰፈር ሰው መሆን አለበት።

እኔም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። ቪዲዮው በአንድ የጓደኞች ግሩፕ ሲደርሰኝ ልጁ ማን እንደሆነ ልብ ሳልል፣ የሳቅ ምልክት አድርጌበት ለሌላ ሰው አስተላልፌዋለሁ። የማን ልጅ እንደሆነ የገባኝ እናቱ በር ላይ አግኝታኝ «ጋሼ፣ እስኪ እርስዎ ይምከሩልኝ፤ ክራሩን ሰቅሎታል፣ አይናገርም» ስትለኝ ነው።

ሄድኩ። ልጁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው?»

ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። ቤቴ ገብቼ አስተያየቶቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አብዛኞቹ ስለ ዘፈኑ አንዳች ነገር አይሉም። ስለ አባቱ ሥራ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ መልኩ ነው የሚያወሩት። ከመካከላቸው ግን አንዱ «ድምፁ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ዜማ ላይ ግን ከክራሩ ቅኝት ወጥቷል» ይላል። እውነት ነው። ደግሜ ስሰማው እኔም አስተዋልኩት።

እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ስክሪን ላይ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው ይታያሉ። አንደኛው ስድብ ነው፤ ሁለተኛው እርማት ነው። የአገራችን የሙዚቃ ታሪክ በአንድ በኩል ሲታይ እነዚህን ሁለቱን መለየት የቻሉና ያልቻሉ ሰዎች ታሪክ ነው።

ከስድቡ እንጀምር።

«አዝማሪ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ዘመረ» የመጣ ነው። «መዝሙር»ም «መዘምር»ም ከዚያው ሥር ይወጣሉ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሆኖ የሚያዜመው መዘምር ተብሎ ሲከበር፣ ከቅጥሩ ውጭ መሰንቆ ይዞ የሚያዜመው አዝማሪ ተብሎ ይናቃል። ሠርግ ያለ እርሱ አይደምቅም፤ ጦር ያለ እርሱ ፉከራ አይነሣም፤ የመኳንንት ግብር ያለ እርሱ ግብር አይመስልም። ልጅህን ስጠኝ ቢል ግን በሩ ይዘጋበታል። ስሙ ራሱ ለሌላው መስደቢያ ሆነ።

ይህ ንቀት በአዝማሪው ላይ ብቻ አልነበረም። ሸማኔውም፣ ብረት ሠሪውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ቆዳ ፋቂውም የየራሳቸው መሰደቢያ ስም ነበራቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው የሰደበው ንጉሡን እንደሆነ የሚያስታውቅ ዐዋጅ አስነገሩ። ሸማኔም ብረት ሠሪም በዚያ ዐዋጅ ውስጥ ተጠቅሰዋል። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የንጉሡ መቀመጫ ከእኛ ሰፈር ራስጌ፣ እንጦጦ ላይ ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ከእንጦጦ ግርጌ ባለችው ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ልጅ ግን ዛሬም «ወደ ሽመናህ ተመለስ» ይባላል።

የአዝማሪውን ዋጋ በትክክል የለካው፣ ሲያስቡት ያማል፣ ጠላት ነው። ከጉለሌ ቁልቁል ስንወርድ ስድስት ኪሎ እንደርሳለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው እዚያ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የደረሰውን እልቂት በየዓመቱ እናስበዋለን። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ፋሽስቱ አስተዳደር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዝማሪዎችን፣ ባሕታውያንንና ጠንቋዮችን እያሳደደ እንዲገደሉ ማዘዙ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከገበያ ገበያ እየዞሩ ወሬ ያደርሳሉ፤ ሕዝቡንም ለእምቢተኝነት ያነሣሣሉ። እኛ «አዝማሪ ነው፣ ተወው» ያልነውን ሰው ባለ መትረየሱ ጦር ፈራው።

ከነጻነት በኋላም ስድቡ አልቀረም። የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ለዘፋኝ ደመወዝና የደንብ ልብስ ሰጡት። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። በየቤቱ ግን «ልጄ አዝማሪ ሊሆን?» የሚለው ለቅሶ ቀጥሏል።

ጥላሁን ገሠሠ ወሊሶ ውስጥ አያቱ ጋ ሲያድግ ዝንባሌው ወደ ዘፈን እንደሆነ ሁሉም አይቷል። አያቱ ትምህርቱን እንዲይዝ ነበር የሚፈልጉት። ሱዳናዊው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ግን ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲሞክር አደፋፈሩት። ሳያስፈቅድ በእግሩ ወጣ፤ ቱሉ ቦሎ ላይ ዘመድ ቤት አደረ፤ ሳያስፈቅድ መምጣቱ ሲታወቅ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። አንድ ሌሊት አድሮ እንደገና ወጣ፤ በዚህኛው ጊዜ በጭነት መኪና። ሀገር ፍቅር ተቀበለው። የቀረውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አስናቀች ወርቁ ደግሞ የሴት ገጸ ባሕርይን ሳይቀር ወንዶች በሚጫወቱበት ዘመን መድረክ ላይ ወጣች፤ ተዋናይትም ክራር ተጫዋችም ሆነች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ብቻውን ለስም ማጥፋት በቂ ነበር። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ስታርፍ ግን አገር የሸኛት «የክራሯ ንግሥት» ብሎ ነው። ማሕሙድ አሕመድም ሊስትሮ ሆኖ ነበር የጀመረው። አሪዞና በተባለው የምሽት ክበብ በተላላኪነትና በጉልበት ሥራ ሲያገለግል፣ ዘፋኞቹ በቀሩበት አንድ ምሽት ልዝፈን ብሎ ተነሣ። «ወደ ሊስትሮህ ተመለስ» ቢሉት ኖሮ ዛሬ ምን ይጎድለን እንደነበር አስቡት።

እንግዲህ ስድብ ይህ ነው። ለስድብ መልስ የለውም፤ የሚታረምም ነገር የለበትም። የሸማኔ ልጅ መሆን በልምምድ የሚስተካከል ስሕተት አይደለም።

እርማት ግን ሌላ ነው። እርማትን እናውቀዋለን የምንል ሕዝብ ነን። የቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል። ቤቱ ከተሰበረ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ እዚያው በሰው ፊት ይነገረዋል። ያፍራል፤ ግን ነገ ተመልሶ ይቆጥራል። መምህሩም ነገ ይጠብቀዋል።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። ትምህርት አልገባህ ብሎት መምህሩ ጌዴዎን ሲገርፈው ጠፍቶ ሄደ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ስትወጣ ስትወድቅ፣ ስትወጣ ስትወድቅ ቆይታ በመጨረሻ ከፍሬው ስትደርስ አየ። ይህን ስንተርክ ትሏ ላይ እናቆማለን፤ ጽናትን ተማሩ እንላለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ የሄደው ወደዚያው መምህር ነው። ጌዴዎንም ተቀበለው፤ አስተማረው። ዱላው ልክ ነበር እያልኩ አይደለም። እርማት የሚሠራው የሚመለሱበት በር ሲኖር ነው ማለቴ ነው። ቲክቶክ ላይ «ወደ ሽመናህ ተመለስ» ብሎ የጻፈው ሰው በር የለውም፤ ስሙ እንኳ የውሸት ነው።

«እሺ፣ ስድቡን ይተው፤ እርማቱን ሁሉ ይቀበል?» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ታሪክ ሁለት መልስ ይሰጣል።

ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የኤልቪስ ፕሪስሊ ወዳጅ ነበር። ልብሱም ጠጉሩም አዘፋፈኑም የአሜሪካ ነበር። ወደ ሆሊውድ እሄዳለሁ ብሎ ምጽዋ ድረስ ሄዶ እንደተመለሰ ራሱ ተርኮታል። በእንግሊዝኛ እየዘፈነ ሳለ አድማጩ የሚፈልገው ሌላ መሆኑ ገባው፤ ወደ አማርኛ ሲዞር ስሙ በአንድ ጊዜ ናኘ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም ሥራውን ሲጀምር የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመው የእርሱን ዘፈን ነው። ዓለማየሁ አድማጩን ሰማ፤ ጉልበቱን ግን አልጣለም። ያ የኤልቪስ አቋቋምና ጩኸት በአማርኛው ውስጥ ቀረ።

ሙላቱ አስታጥቄ ሌላውን መንገድ ሄደ። እንግሊዝ አገር ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ ገብቶ፣ አራቱን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋሕዶ ሲመለስ ሙዚቃው በአገሩ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። እርሱ ግን አልተወውም። በእ.ኤ.አ. 1998 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ አራተኛው ቅጽ ለዓለም አቀረበው፤ በ2005 ደግሞ ሙዚቃው በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰማ። ከሠላሳ ዓመት በላይ መጠበቅ ማለት ነው።

ታዲያ ማን ልክ ነው? ሁለቱም። አንዱ ሰምቶ ቀየረ፤ ሌላው ሰምቶ አልቀየረም። ሁለቱም ግን የሚሠሩትን ያውቁ ነበር። ከቅኝት መውጣቱን ሳያውቅ «አዲስ ስልት ነው» የሚል ሰው ሙላቱ አይደለም። አራቱን ቅኝት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ቅኝትን ለመንካት መብት ያለው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ «በርታ፣ አትስማቸው» የሚለው ምክራችን ቀላል ስለሆነ። ሩሲያዊው ሰርጌይ ራክማኒኖቭ የመጀመሪያ ሲምፎኒው በእ.ኤ.አ. 1897 ሲቀርብ ወጣት ነበር። ኦርኬስትራው በቂ ልምምድ አላደረገም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም። ቄሳር ኩዊ የተባለው ሐያሲ ግን ሥራውን ከግብፅ መቅሠፍቶች ጋር አመሳስሎ ጻፈበት። ራክማኒኖቭ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ቁምነገር ያለው ድርሰት መጻፍ አልቻለም። ያነሣው ኒኮላይ ዳል የተባለ ሐኪም ነው፤ በየቀኑ እየተቀበለ አናገረው። በ1901 የተጠናቀቀው ሁለተኛው የፒያኖ ኮንቸርቶ መታሰቢያነቱ ለዚያ ሐኪም ነው። ያን የሚያህል ሰው እንኳ ብቻውን አልተነሣም። ጥላሁን የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነበሩት። ያሬድ የሚመለስበት መምህር ነበረው። ጎረቤቴ ያለው ልጅ ግን የነበረው ስልኩ ብቻ ነው።

ድሮ በአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ ሰው አዝማሪው ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር። ቢሰድብ አዝማሪው በዜማ ይመልስለታል፤ ቤቱ ይስቃል፤ ሂሳቡ እዚያው ይዘጋል። ዛሬ ሰጪው አይታይም፤ ተቀባዩ መመለሻ የለውም፤ ሳቁም አይዘጋም።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ የምለው ለአዲሶቹ ድምጻውያን ብቻ ሳይሆን ለእኛም ጭምር ነው። አንድን ጀማሪ ለመተቸት ስትነሡ ዓረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ አንብቡት። ልጁ ነገ በልምምድ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ካለበት ጻፉት፤ ከቻላችሁ ለእርሱ ብቻ ላኩለት። ከሌለበት ግን እርማት አይደለም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የከለከሉት ነገር ነው።

ለልጁ የመለስኩለት ይህንኑ ነው። አስተያየቶቹን አብረን ቁጭ ብለን አነበብናቸው። የአባቱን ሥራ የሚነኩትን አልፈን ስለ ዘፈኑ የተጻፈውን ስንፈልግ የተገኘው ያ አንዱ ብቻ ነበር። «ይሄኛው ግን እውነት ነው» አልኩት። ቪዲዮውን እኔም ሳቅሁበት ብዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ አየኝ። «ጋሼም?» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ እኔም ያን መልክ አልረሳውም።

እስካሁን ወደ መድረክ አልተመለሰም። ባለፈው እሑድ ማታ ግን በግድግዳው በኩል ክራሩን ሰማሁ። ዘፈን አልነበረም። አንድን ጅማት እየወጠረ፣ እያላላ፣ እንደገና እየወጠረ ብዙ ሰዓት ቆየ። ቅኝት እየፈለገ ነበር።

ቸር እንሰንብት።