የመኖ ዕፅዋት ውህዶችና የሥጋ ስብ

የሥጋ ስብ ዓይነት የሚወሰነው በእንስሳው ዝርያ፣ ዕድሜና ፆታ ብቻ ሳይሆን በሚበላው መኖም ነው። በመኖ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ ዘይቶች፣ ታኒን፣ ሳፖኒንና ቫይታሚን ኢ የስቡን ጥንቅር፣ ቀለምና ሳይበላሽ የመቆየት ዐቅም ይለውጣሉ።

በጨጓራ ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ

የዕፅዋት ዘይት በአብዛኛው ያልጠገበ፣ ማለትም በተራ ሙቀት ፈሳሽ የሆነ ስብ ነው። ዶሮ ሲበላው ብዙም ሳይለወጥ ወደ ሥጋውና ወደ እንቁላሉ ይገባል። በሚያመሰኩ እንስሳት (ከብት፣ በግ፣ ፍየል) ግን በጨጓራ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን እየጨመሩ አብዛኛውን ወደ ስቴሪክ አሲድ፣ ማለትም ወደ ጠገበ ስብ ይቀይሩታል። የበግ ሞራ ቶሎ የሚረጋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለውጡ ሳይጠናቀቅ ሲቀር ቫክሲኒክ አሲድ ይገኛል፤ ከእርሱም የእንስሳው አካል ሩሜኒክ አሲድን ይሠራል።

ታኒንና ሳፖኒን

ታኒን አፍን የሚያኮማትር ውህድ ሲሆን በግራር ቅጠልና በአንዳንድ ቀይ የማሽላ ዝርያዎች ይገኛል። የባክቴሪያዎቹን ሥራ ስለሚያዘገይ ተጨማሪ ያልጠገበ ስብ ወደ ሥጋው ሊያልፍ ይችላል። ውጤቱ እንደ ታኒኑ ዓይነትና መጠን ይለያያል። ሲበዛ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የመኖውን መፈጨት ይቀንሳል።

ሳፖኒን እንዶድን አረፋ የሚያስወጣው ውህድ ነው። በአልፋልፋም ውስጥ ይገኛል፤ በጨጓራ ያሉ ፕሮቶዞዋዎችን ይቀንሳል። እንዶድ ራሱ ግን መርዛማ ስለሆነ ለመኖ አይውልም።

በደቡብ ጎንደር

በጉና ተራራ ዙሪያ፣ በጋይንትና በእስቴ አካባቢ የሚረባው የፋርጣ በግ ላቱ አጭር የሆነ ዝርያ ነው። በክረምት ለምለም ሣር፣ በበጋ በአብዛኛው ድርቆሽና የሰብል ገለባ ይመገባል። ለምለም ሣር በሊኖሌኒክ አሲድ፣ በቫይታሚን ኢና በቤታ ካሮቲን የበለጸገ ነው፤ ገለባ ግን በሦስቱም ድኻ ነው። ቤታ ካሮቲን የከብትን ስብ ቢጫ ያደርጋል፤ የበግና የፍየል ስብ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ የከብት ጮማ ቢጫ መሆኑ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም።

ለማድለቢያ ከሚሰጡ መኖዎች አንዱ የኑግ ፋጉሎ ነው። ከኢትዮጵያ ኑግ ዘይት 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በደንብ ያልተጨመቀ ፋጉሎ ብዙ ዘይት ይቀርበታል። ነገር ግን በጠቅላላው ደረቅ መኖ ውስጥ ያለው ስብ ከ6 እስከ 7 በመቶ ሲያልፍ ባክቴሪያዎቹ ገለባን የመፍጨት ዐቅማቸው ይዳከማል። ዋና መኖው ገለባ ለሆነ በግ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ጥቅምና ጥንቃቄ

ያልጠገበ ስብ ለልብ ጤና ይመረጣል፤ ነገር ግን ከአየር ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይሻግታል። በሣር ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኢ ይህን ያዘገያል። መኖን መለወጥ የበግንና የከብትን ስብ በመጠኑ ያሻሽለዋል እንጂ እንደ ዕፅዋት ዘይት አያደርገውም።