ዲኤክስን በምን እንተካው?

«ዲኤክሱ አርጅቷል፤ ምን ይተካው?» የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት የመኪና ጥያቄ ብቻ ይመስላል። እኛ ከዲላ እስከ ገደብ ባለው መንገድ ላይ ያደግን የዚህ አምድ ጸሐፊዎች ግን ጉዳዩን ለታላላቆቻችን፣ ለመካኒኮችና ለደላሎች አቅርበነው ነበር። መልስ አላገኘንም፤ ያገኘነው አራት ጥያቄ ነው። መለዋወጫው ይገኛል? ነዳጅ ይበላል? ጭቃ ይወጣል? ቢሸጥ ስንት ያወጣል? «መንዳቱስ ደስ ይላል?» ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው የለም።

ለምን? ደስታን የማንወድ ሕዝብ ስለሆንን ነው? አይመስለንም። መልሱ ያለው ታሪካችን ውስጥ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ከመኪና በፊት ይጀምራል።

ፈረስና በቅሎ

የአገራችን ሰው ድሮ ሁለት ዓይነት «መኪና» ነበረው። በቅሎ ለመንገድ ነበረች። ዳገት ትወጣለች፣ ገደል አያስደነግጣትም፣ ብዙ አትበላም፣ ቶሎ አትታመምም። ፈረስ ለጦር፣ ለጉግስና ለክብር ነበር። መኳንንቱ ረጅሙን መንገድ በበቅሎ ተጉዘው ውጊያው ሲቀርብ ወደ ፈረሳቸው ይሻገሩ ነበር። ዋጋን ብቻ ካሰባችሁ ጥሩ በቅሎ ከብዙ ፈረስ ትበልጣለች። ስም የሚያወጣው ግን ፈረሱ ነው። አጤ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አጤ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ አጤ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ተባሉ። የእኛንም አካባቢ ጨምሮ ሲዳሞን ለዓመታት ገዝተው በ1920 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ እስከ ዛሬ «አባ ነፍሶ» ናቸው። በበቅሎው ስም የተጠራ ጀግና ግን አናውቅም።

እንግዲህ አባቶቻችን ጠቃሚውንና ደስ የሚያሰኘውን ለይተው ያውቁ ነበር፤ አቅም ያለው ሁለቱንም ይይዝ ነበር። መኪና ሲመጣ ይህ ልዩነት ጠፋ። አብዛኛው ሰው አንድ መኪና ለመግዛት እንኳ ዕድሜውን ስለሚጨርስ፣ ምርጫው ሁሌም በቅሎዋ ሆነች።

ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ

የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ አቋርጦ ለአጤ ምኒልክ አመጣት። ንጉሠ ነገሥቱም ለአዲስ ነገር የነበራቸው ጉጉት የታወቀ ነውና ተሳፈሩባት። ልብ በሉ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ መኪና የጭነት አልነበረችም። ሰው ሊደሰትባት፣ ሊደነቅባት የመጣች ነበረች።

መኪናን የዕለት ኑሮ ያደረገው ግን ጭነት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገዱ ሲጠረግ ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖች አገሩን ሞሉት። «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለውን ስም ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ፊያት 634 ናት። ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉ ቀረ። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ኮፋኖ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ታርጋ። ዲላ ውስጥ ጋራዥ ገብታችሁ እነዚህን ቃላት ሳትጠቀሙ መኪና ለማሠራት ሞክሩ እስኪ! የመኪና ቋንቋችን ከጭነት መኪና ሥር ተኝቶ የተማርነው ቋንቋ ነው።

ቡናው የማን፣ መኪናው የማን?

በንጉሡ ዘመን የተሻለ ኑሮ ያለው ሰው ፔዦ፣ ፊያት ወይም ቮልስ ይነዳ ነበር። እነዚህ መኪኖች በስም እንጂ በባሕርይ የዋዛ አልነበሩም። ከሞያሌ ማዶ፣ ኬንያን ማዕከል አድርጎ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሚካሄደው የሳፋሪ ራሊ ምስክር ነው። ፔዦ 404 ይህን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። ፔዦ 504 በ1975 ደግማዋለች። ቀይ አፈርና ጭቃ ላይ ፈጥኖ መሄድ እንደሚቻል፣ ያውም በቤተሰብ መኪና፣ የተረጋገጠው እዚሁ ጎረቤታችን ነው።

ነገር ግን በጌዴኦ ምድር መኪናና ቡና የተገናኙት በእኩል አልነበረም። ቡናውን የሚተክለውና የሚለቅመው ገበሬ ነው። ከምርቱ የሚወስደው ባለ መሬቱ ነው። ይህ ግፍ በ1952 ዓ.ም. ሞልቶ ፈሰሰ። የጌዴኦ ገበሬዎች ተነሱ፣ ሚችሌ ላይም ደም ፈሰሰ። መሬት ወደ አራሹ የዞረው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። በዚያ ዘመን በገደብ መንገድ ላይ የሚያልፍን አውቶሞቢል ለሚያይ ገበሬ፣ «መንዳቱ ደስ ይላል?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ሩቅ እንደነበር አስቡት።

ላዳ፦ የተደበቀችው ፈረስ

ደርግ ሲመጣ መኪና መምረጥ የሚባል ነገር ጠበበ። ላዳ መጣች። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የአዲስ አበባን ታክሲነት ከሰይቸንቶ ጋር ተካፈለች፤ ኋላም ወረሰችው። ዛሬ ላዳ የሚቀለድባት መኪና ናት። ታሪኳን ግን እንይ። ላዳ ማለት ሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተሠራች ፊያት 124 ናት። ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብላለች። «124 አባርት» የምትባለዋ ስፖርተኛ ዘመዷ የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና በ1972 እና በ1975 ወስዳለች። ሶቪየቶች ብረቷን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላ ዲስክ ፍሬኗን በታምቡር ለወጡት። ፈረሷን ወስደው በቅሎ አደረጓት ማለት ነው። እኛም በበቅሎነቷ ተጠቀምንባት፤ በውስጧ ያለውን ፈረስ የጠየቀ አልነበረም።

ዲኤክስ፦ «እናቴ ፈረስ ናት»

ከዚያ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የኮሮላ ትውልድ ናት። አራት ማዕዘን ሰውነት፣ 1,290 ሲሲ ሞተር፣ ከ70 የማይበልጥ የፈረስ ጉልበት፣ 900 ኪሎ ገደማ ክብደት። ወረቀቱ ላይ የሚያስደንቅ ነገር የለም። የገዛት ሰውም የገዛት አትበላሽም ብሎ ነው፤ ብትበላሽም መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ።

ሆኖም አንድ ነገር አለ። የዲኤክስ ሞተር የሚገፋው የኋላ ጎማዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በተተካው ትውልድ ቶዮታ ሴዳኗን ወደ ፊት ጎማ አዞራት፤ የኋላ ጎማውን ለስፖርት መኪናዋ ብቻ አስቀረው። ያቺ የስፖርት መኪና ዓለም ሁሉ የሚያውቃት «ኤ.ኢ. 86» ናት፤ ጃፓኖች ድሪፍት የተማሩባት፣ በ«ኢኒሻል ዲ» የካርቱን ታሪክ የነገሠችው። ዲኤክስ የእሷ የቅርብ ዘመድ ናት። በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» አለ ይባላል። የዲኤክስም ነገር እንዲሁ ነው።

የከተማ ልጆች ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዝናብ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ሲጠመዘዙ የኋላዋ ቀስ ብሎ ይወጣል። መሪው ትንሽ ወደ ተቃራኒው ሲዞር ተመልሳ ትስተካከላለች። ከባድ ስላልሆነች መንገዱን በእጅ ታሰማለች። አባቶች የገዟትን በቅሎ ልጆች ቸርኬ ቀይረው፣ ቀለም ቀብተው፣ ዝቅ አድርገው ፈረስ አደረጓት። ያረጀች የስፖርት ሴዳን ካለን እንግዲህ እሷ ናት፤ ማንም ስፖርት ብሎ ሳይገዛት ስፖርት የሆነች።

ሲሲ የሚቆጥር መንግሥት

«ታዲያ በምን እንተካት?» ካላችሁ፣ ለሁለት አሥርተ ዓመታት የመለሰው ቀረጥ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ መኪናን በሞተሩ መጠን ለየው። እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። ይህም ከሌላው ቀረጥ በተጨማሪ ነው። ውጤቱን ጎዳና ላይ አይታችሁታል፦ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ በኋላም ሱዙኪ ዲዛየር። መጥፎ መኪኖች ናቸው እያልን አይደለም። የመረጣቸው ግን ገዢው አይደለም፤ የሞተሩን ውስጥ በሜትር የለካው ሕግ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ዕድሜን ጨመረበት። ባረጀ መኪና ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ዓላማው ያገለገለ መኪና እንዳይገባ ነበር። አዲሱን መግዛት ያልቻለ ሰው ግን አገር ውስጥ ወዳለው አሮጌ መኪና ዞረ፤ ዋጋውም ሰማይ ወጣ። አርባ ዓመት የሞላት ዲኤክስ ሌላ አገር በብረት ዋጋ በምትሸጥበት ዕድሜ እኛ ዘንድ እንደ ቅርስ ተያዘች። ደላላው «ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» ማለቱ እንግዲህ ስግብግብነት ብቻ አይደለም፤ መኪና እዚህ አገር ቁጠባ ነው። ቁጠባውን የሚያንሸራትት ሞኝ ደግሞ ጥቂት ነው።

ማርሽ የሌላት ፈረስ

በጥር 2016 ዓ.ም. ሌላ ውሳኔ መጣ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ኤሌክትሪኩ በበኩሉ የራሳችን ነው፤ ከጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀ የሕዳሴ ግድብም አለን።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በግል አስመጪዎች በኩል ከቻይና ከገቡት መኪኖች መካከል ቮልስዋገን አይዲ 4ን እንውሰድ። በብዛት የምትታወቀዋ ዓይነት ሞተሯ የሚገፋው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ እንደ ዲኤክስ! ጉልበቷ 204 ፈረስ ነው። ክብደቷ ግን ከ2 ቶን ያልፋል። ሒሳቡን ሥሩት፦ ዲኤክስ ውስጥ አንድ ፈረስ 13 ኪሎ ገደማ ይጎትታል፤ አይዲ 4 ውስጥ 10 ኪሎ ገደማ። ሲረግጧት ጉልበቷ ሳይዘገይ ይመጣል። ሕጉ ለቁጠባ ብሎ የመረጠልን መኪና ሳይታሰብ እስከ ዛሬ ከመረጠልን ሁሉ ፈጣኑ ሆነ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ግን ፍጥነትና ደስታ አንድ አይደሉም። ማርሽ የላትም፣ ፍሪሲዮን የላትም፣ ካንዴላ የላትም። ጣሊያን ትቶልን የሄደው መዝገበ ቃላት ግማሹ አብሮ ይቀራል። ሁለት ቶን ደግሞ ኩርባ ላይ ሁለት ቶን ነው። ቀጥ ባለ መንገድ አዲሷ ትበልጣለች፤ ከወናጎ በታች ባለው ጠመዝማዛ መንገድ የምትስቁት ግን ዲኤክስ ውስጥ ነው።

ገደብ ምን ትላለች?

አሁን ይህችን መኪና ወደ ገደብ እንውሰዳት። ወደ ዲላ ስትመለስ ቁልቁለቱ ስለሚበዛ ፍሬን በያዘች ቁጥር ባትሪዋን ትሞላለች፤ ይህ ጥሩ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥታ ወደ ወርቃ፣ ወደ ሃሎ በሪቲ ወይም ወደ ባንኮ ጎቲቲ በክረምት ስትገባስ? ባትሪዋ ከሆዷ ሥር ነው፤ ጭቃው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። መብራት የጠፋ ቀንስ? የሚጠግናት መካኒክስ? እሸት ቡና የሚጭነው አይሱዙ፣ ሰው የሚያመላልሰው ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ናቸው የገደብ እውነተኛ መልሶች። በቅሎዎች ሁሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከነክነን። ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። መኪና የሚገባው በዶላር ነው፤ ዶላሩ የሚመጣው ከቡና ነው፤ ከምርጦቹ ቡናዎች አንዱ የሚለቀመው ገደብ ነው። የወርቃ ስም ቶኪዮና ሴኡል ካፌዎች ግድግዳ ላይ ይጻፋል። በ1952 ዓ.ም. «ቡናው የእኛ ነው» ብለው የተነሱት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ መሬቱ በእጃቸው ነው። ቡናቸው የሚገዛውን መኪና የሚወስነው ግን አሁንም ሌላ ነው፤ ውሳኔው ሲወሰን የሚታሰበውም የአዲስ አበባ አስፋልት ነው።

ምርጫችንን ከጠየቃችሁን እንናገራለን። ዲኤክስ ያላችሁ አትሽጧት፤ ሞተሯን አሠሯት፣ ከቸርኬ በፊት ፍሬኗን አድሱ። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ የምትኖሩና አቅሙ ያላችሁ የኋላ ጎማ የምትገፋ ኤሌክትሪክ ውሰዱ፤ አታፍሩባትም። ገደብ ለምትኖሩ ግን የምንመክረው መኪና የለንም፤ መጀመሪያ መንገዱና መብራቱ ይምጣ። ሁላችሁም ደግሞ ፈረሳችሁን ሰው በሚሻገርበት ጎዳና ላይ አትፈትኑት። አባቶቻችን ለጉግስ ሜዳ ነበራቸው፤ ገበያ መሀል አይጋልቡም ነበር። እኛም ከየከተማችን አስተዳደር ከኮብልስቶኑ ቀጥሎ የምንጠይቀው አንድ ሜዳ ይኑረን።

«መንዳቱስ ደስ ይላል?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። እኛ ግን ጥያቄው ገደብ ላይ ያለ ሳቅ ሲጠየቅ መስማት እንፈልጋለን። ያን ቀን መንገዱ ተሠርቷል፣ መብራቱ አይጠፋም፣ የቡናውም ዋጋ ለገበሬው ደርሷል ማለት ነው።